ምስማር የሌለው አልጋና ትኋኖቹ

መርፌ ይሏት ነበር። ቀጭን ናት፣ ልብስ ሰፊ ናት፣ ምላሷም ይወጋል። ግቢው ጥግ ባለችው አንድ ክፍል ቤቷ ውስጥ መስኮቱ ስር የስፌት ማሽኗ፣ ከማሽኑ ጀርባ አልጋዋ ነበር፤ ሌላ ዕቃ ቢገባ እሷ መውጣት ነበረባት። አልጋውን የሠራላት ባሏ ነው፤ አናጢ ነበር፣ ነፍሱን ይማርና። አንድም ምስማር የለበትም። እንጨት እንጨትን ጎርሶ፣ በእንጨት ችንካር ተይዞ የቆመ ነው። ሲሠራው የአልጋውን እግር የያዘችለት እሷ ነበረች፤ አዲስ ሙሽራ ሆና፣ እየሳቀች። ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመት ቢሆነውም አልጋው አንድ ቀን ሲጥ ብሎ አያውቅም።

ትኋኑ የገባው በራሷ ጥፋት ነው። አንዲት ደንበኛ የሶፋ ልብስ አድሺልኝ ብላ አመጣችላት። ቀኑ ዳመና ስለነበር ዝናብ እንዳይመታው አልጋዋ ላይ ጣለችው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ክንዷ ላይ በመስመር የተደረደረ እብጠት አየች። «ትንኝ ነው» አለች። ትንኝ ሰልፍ ይዞ እንደማይነክስ ታውቃለች፤ ግን እውነቱን ለመናገር አፏ እምቢ አላት። የፍራሹን ስፌት ገልጣ ያንን ቡናማ መንጋ ስታይ ነው ትኋን መሆኑን ያመነችው።

ያገባች ልጇ ልትጠይቃት መጥታ ነገሩን ሰማች።

«እማዬ፣ ድምፅሽን አጥፍተሽ አልጋውን ጣዪው። ሰው ከሰማ ማን ጨርቁን ይሰጥሻል?»

«አባትሽን ልጣል?»

«ኧረ አልጋ ነው እንጂ አባዬ አይደለም!»

«አንቺም የተወለድሽው እዚሁ ላይ ነው። ዝም በይ።»

ወሬ መች ይደበቃል፤ ከአከራይዋ ጆሮ ደረሰ። በሻርፗ ጫፍ አፍንጫዋን ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

«በአፍንጫ አይገባም እኮ እትዬ» አለች መርፌ።

«ቀልጂ አንቺ! ሁለት ሳምንት ሰጥቼሻለሁ። ወይ አልጋው ይቃጠላል፣ ወይ ተሸክመሽው ትወጫለሽ።»

«አልጋውም አይቃጠልም፤ እኔም አልወጣም።»

በማግስቱ በጠራራ ፀሐይ ፍራሹንም አልጋውንም ግቢው መሃል ጎትታ አወጣች። ጎረቤቶቿ «ኧረ ሴትዮ፣ ገመናሽን ደብቂ!» ቢሏት፣ «ምን ገመና አለው? ሰርቄ አላመጣሁት!» አለቻቸው። የፍራሹን ስፌት ክር በክር ፈታች፤ ልብሱን በትልቅ ድስት ቀቀለችው፤ ጥጡን ፀሐይ ላይ በተነችው። ይኼ ሥራዋ ነው።

አልጋው ላይ ግን ተሳሳተች። እልኳ አላስችል ብሏት የፈላ ውሃ መገጣጠሚያው ላይ ደፋችበት። እንጨቱ አበጠና ችንካሮቹ ነክሰው ያዙ። ብትቀጠቅጥ፣ ብትስብ፣ ወይ ፍንክች! ትኋኖቹ ውስጥ እንደተቆለፈባቸው ቀሩ። የግቢው ዘበኛ መጥረቢያውን ይዞ ብቅ አለ።

«አንድ ምት ይበቃዋል፣ እትዬ መርፌ።»

«መጥረቢያህን ይዘህ ዞር በልልኝ! ኋላ አንተንም እንደ ፍራሹ እተረትርሃለሁ!»

እሱ ከሄደ በኋላ ተቀምጣ አለቀሰች። ስታለቅስ የባሏ ድምፅ መጣባት። በዚያ በሙሽርነቷ ጊዜ ችንካር አልገባ ሲላት፣ «እርጥብ እንጨት ላይ ጉልበት አይሠራም፤ ፀሐይ ታውጣልሽ፣ አንቺ አረፍ በይ» ብሏት ነበር። እንባዋን ጠርጋ አልጋውን ወደ ፀሐይ አዞረችው። አራት ቀን ጠበቀች። በአምስተኛው ቀን የችንካሩን ቀጭን ጫፍ በቀስታ ሦስቴ መታ መታ ስታደርገው ዘለለና መሬት ላይ ወደቀ።

ውስጡ! አያት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ ከነእንቁላላቸው። ችንካሮቹን አንድ ባንድ እያላቀቀች ቀዳዳውን ሁሉ በፈላ ውሃ አጠበች፤ በብሩሽ ፈገፈገች፤ አደረቀች። ስንጥቁን በሻማ ሰም ደፈነች። ገጣጥማ ስታበቃ ከወለሉ ትኋን እንዳይወጣበት አራቱንም እግሮች ጋዝ ባለባቸው ጣሳዎች ውስጥ አቆመች። ከሳምንት በኋላ ደግሞ የተረፈ እንቁላል ተፈልፍሎ እንደሆነ ብላ እንደገና ፈታችው። ምንም አልነበረም።

በአሥራ አራተኛው ቀን አከራይዋ መጣች። መርፌ ፍራሹን መልሳ ሰፍታ፣ አልጋው ላይ ነጭ አንሶላ አንጥፋ ጠበቀቻት።

«ይኸው እትዬ። ይተኙበትና ይዩት።»

አከራይዋ ግቢው ሁሉ በበሩ እያያት ስለነበር ልትቀመጥ ቀሚሷን ሰበሰብ አደረገች።

«ቆይ፣ ቆይ!» አለች መርፌ መነጽሯን እያጠለቀች። «መጀመሪያ የቀሚስዎን ጠርዝ ልይ። አልጋዬ ንጹሕ ነው፤ ከሰው ቤት የመጣ ነገር እንዲገባበት አልፈልግም።»

ዘበኛው ሳቁን አፍኖ ሊሞት ደረሰ። አከራይዋ ቀሚሷን አላስነካችም፤ አልተቀመጠችም። ሻርፗን ሰብስባ ውልቅ አለች፤ ስለ አልጋውም ከዚያ ወዲያ አንዲት ቃል አልወጣትም። በማግስቱ ጠዋት ግን ግቢው መሃል፣ በፀሐይ ላይ፣ የአከራይዋ ፍራሽ ተዘርግቶ ታየ።

መርፌ በመስኮቷ አየችው። ማሽኗን አቁማ፣ «እትዬ! ስፌቱን ልፍታልዎት?» ብላ ጮኸች።