ለመንበርከክ የዋጥኩት ኪኒን

መጀመሪያ ያመመኝ ቀኝ ጉልበቴን ነው። ሸዋ ቤንች ገጠር ካለው የቡና ማሳችን ቁልቁለቱን ስወርድ ድንገት ከዳኝ። ቅርጫቴን አስቀምጬ መሬት ላይ ዘፍ አልኩ። ባለቤቴ ማርቆስ እየሳቀ «እርጅና መጣ እንዴ የዳዊት እናት?» አለኝ። እኔም ሳቅኩ። ማታ ግን ጉልበቴ አብጦ ጎደሬ አክሎ ነበር።

በምንኖርበት በአማን ከተማ፣ ሰፈራችን አጠገብ ካለው ጤና ጣቢያ ዲክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ ኪኒን ታዘዘልኝ፤ ለጥቂት ቀን፣ ከምግብ በኋላ። ኪኒኑ ሠራ። ጉልበቴ ሲታጠፍልኝ የዓለም ደስታ ነበር። ሲያልቅብኝ ከመድኃኒት ቤት እየገዛሁ ቀጠልኩ፤ የቡና ለቀማው ካለቀም በኋላ አልተውኩትም። ሕመሙ ሲብስብኝ እህት አልማዝ የሰጠችኝን አይቡፕሮፊን እጨምርበታለሁ። እህት አልማዝ የጸሎት ጓደኛዬ ናት። የሁለቱ ኪኒኖች ስም ስለሚለያይ ሥራቸውም የሚለያይ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ሆዴ ይቃጠል ጀመር። በእኛ አገር ሆድ ሲቃጠል የሚከሰስ አይጠፋም፤ የቡና ቅጠል በሚጥሚጣና በዝንጅብል አፍልተን ጠዋት ማታ እንጠጣለን። «ሚጥሚጣው ነው» አለ ማርቆስ። የቡና ቅጠሉን ተውኩ። ኪኒኑን ቀጠልኩ።

በዚያ ሰሞን ቤተ ክርስቲያናችን የሦስት ቀን ጾም ጸሎት አወጀች። እኔም የራሴን የጸሎት ርዕስ ይዤ ገባሁ፤ ጉልበቴ እንዲፈወስ። እኛ ዘንድ የሚጸለየው ተንበርክኮ ነው፤ ጉልበቴ ደግሞ ያለ ኪኒን አይንበረከክም። ስለዚህ ስለ ጉልበቴ ተንበርክኬ ለመለመን ስል ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዴ ዲክሎፌናክ እውጥ ነበር። እህት አልማዝን ብጠይቃት «መድኃኒት ጾም አያስፈታም፤ እግዚአብሔር ልብን ነው የሚያየው» አለችኝ። ልክ ናት። ጨጓራን ግን ለእኛ ትቶልን ኖሯል።

በሁለተኛው ቀን ሰገራዬ ጠቆረ። ሬንጅ ይመስላል። ሽታውም የተለየ ነው። ፈራሁ። ይህ ለማን ይነገራል? ስለ ሆድ ቁርጠት እናወራለን፤ ስለ ሽንት ቤት ግን አናወራም። ከማርቆስ ጋር ይህን ያህል ዘመን ስንኖር አንድም ቀን አንሥተነው አናውቅም። ካንሰር ነው ብዬ ደመደምኩና ዝም አልኩ። ኪኒኑን ለአፍታም አልጠረጠርኩትም።

በሦስተኛው ቀን ከጸሎት ስነሣ ዓይኔ ጨለመ። ወደቅኩ። አስመለሰኝ። የቡና አተላ የመሰለ ነገር ወጣ። ቡና ግን ጾሙ ከገባ አልቀመስኩም። ከሴቶቹ አንዷ «መንፈስ ነው፤ እንጸልይላት» አለች። እህት አልማዝ ጎንበስ ብላ አየችው። «ደም ነው። በመንገድ ትጸልያላችሁ፤ ባጃጅ ጥሩ» አለች።

ሆስፒታል የተቀበለችኝ ወጣት ሐኪም ናት። «እናቴ፣ ሰገራዎ ምን ይመስላል?» አለችኝ። ማርቆስ ራስጌዬ ቆሟል። «ደህና ነው» አልኩ። እየሞትኩ እንኳ አፍራለሁ። ሐኪሟ እሱን አየች፤ እኔን አየች። «አባቴ፣ ትንሽ ውጭ ይጠብቁን» አለችው። በሩ ሲዘጋ ጥያቄዋን ደገመችው።

«ጥቁር ነው» አልኩና አለቀስኩ። «ካንሰር ነው አይደል?»

«የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«ምንም የለም። የጉልበት ኪኒን ብቻ።»

ኪኒኖቹን አንድ በአንድ አስቆጠረችኝ። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፊን የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ እብጠትና ሕመም ሲያስታግሱ ጨጓራን ከአሲድ የሚጠብቀውን ሽፋን ያሳሳሉ አለችኝ። «ጨጓራዎ ቆስሎ እየደማ ይመስለኛል። የደም ምርመራዎ እንደሚያሳየው ሄሞግሎቢንዎ በጣም ወርዷል። ደም ያስፈልግዎታል።»

ደም ወዲያው አልተገኘም። ጠበቅን። እጄ ቀዘቀዘ። ልቤ ይሮጣል። ጣሪያውን አያለሁ፤ ጣሪያው ይርቃል። ትንሿ ልጄ መጣችብኝ። ፀጉሯን ገና ራሷ መሥራት አትችልም። ማን ይሠራላታል? መጸለይ አማረኝ። ቃል አልመጣልኝም። ሞትን እንደዚያ ቀርቤው አላውቅም።

የማርቆስ ደም ከእኔ ጋር ገጠመ። ከእሱ የተቀዳው ወደ እኔ ሲገባ አጠገቤ ተቀምጦ «ለምን አልነገርሽኝም?» ብቻ አለኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀስ እያለ የመጣ ብርሃን ነው፤ መጀመሪያ የጨጓራን አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል በደም ሥሬ፣ ቀጥሎ አጥሚትና ሾርባ፣ ኋላም ትንሽ ስጠነክር የቦንጋን ተራሮች አቋርጠን ጅማ ሄድንና በኢንዶስኮፒ፣ በአፍ በሚገባ የካሜራ ቱቦ፣ ታየሁ። መንገዱን ሁሉ ካንሰሩን ስጠብቅ ነበር፤ የተገኘው ግን መዳን የጀመረ የጨጓራ ቁስለት ነው። ኤች ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያም ተገኝቶ ለእሱ መድኃኒት ወሰድኩ። ጉልበቴን ደግሞ በፓራሲታሞል፣ በታዘዘልኝ እንቅስቃሴና በከዘራ አባብዬ ይዤዋለሁ፤ አሁንም ዝናብ ሲመጣ ይነግረኛል፤ እኔም አንበርክከኝ ብዬ አላስገድደውም፣ ወንበር ላይ ተቀምጬ እጸልያለሁ።

ደም የሰጠኝን ባሌን፣ በሩን የዘጋችውን ሐኪም፣ ባጃጅ ያስጠራችውን እህት አልማዝን እግዚአብሔር ይባርክልኝ። እናንተ መገጣጠሚያችሁን የሚያማችሁ፣ ኪኒኑ ጠላት አይደለም፤ እኔንም አሽሮኝ ነበር። ግን በሐኪም ትእዛዝ፣ በሚበቃው ትንሽ መጠን፣ ለአጭር ጊዜ፣ ምግብ ቀምሳችሁ ውሰዱት። ምግብም ቢሆን ሙሉ ዋስትና አይደለም። ሁለት ዓይነት አትደራርቡ። የጨጓራ፣ የኩላሊት፣ የልብ ሕመም ወይም ደም ግፊት ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ይናገር። ልትጾሙም ከሆነ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ሰገራ ከጠቆረ ወይም ደም ካስመለሳችሁ ኪኒኑን አቁማችሁ ያኔውኑ ወደ ሆስፒታል ሂዱ።

ይህንን በቅርቡ በሴቶች ኅብረት ስብሰባ ላይ ተናገርኩ። ሽንት ቤት የሚለውን ቃል ስጠራ ብዙዎቹ አንገታቸውን ደፉ፤ አንዳንዶቹም ሳቁ። ስንወጣ አንዲት አሮጊት እናት በር ላይ ጠብቀው እጄን ያዙኝ። ዓይናቸው መሬት ላይ ነው። «ልጄ፣ የእኔም እንዲያ ሆኗል» አሉኝ። ቤቴ አልተመለስኩም፤ ክንዳቸውን ይዤ ወደ ሆስፒታል ወሰድኳቸው።