ጭራ የወጣ ሊቀመንበር

የቀስተኞቹ ክበብ ሲመሠረት ሊቀመንበር የሚሆን ሰው ጠፋ። ሁሉም ደጋን መሳብ እንጂ የክበቡን ጉዳይ ይዞ ከቢሮ ቢሮ መንከራተት አልፈለገም። ክርክሩ ሲሰለቻቸው አንዱ ቀልደኛ፣ «በዓመቱ ውድድር ጭራ የወጣ ይሁና» አለ። ሳቁ፣ አጨበጨቡ፣ ቀልዱም ደንብ ሆኖ ቀረ።

ደንቡ ልክ ከአባላቱ ለአንዱ፣ ለመጋረጃ ሰፊው የወጣ ይመስል ነበር። ሰውዬው መርፌ ላይ ክር ለመሰካት መነጽር አይፈልግም። ደጋን ሲይዝ ግን ቀስቱ ከኢላማው በቀር ሁሉን ያገኛል። እንዲያውም አንዴ የጎረቤት አንሶላ ከተሰጣበት ወግቶ፣ ራሱ ሰፍቶ ይቅርታ ጠይቆ መልሷል። በየዓመቱ ጭራ ይወጣል፣ በየዓመቱ ይሾማል። ስሙ ተረስቶ «ጋሽ ሊቀመንበር» ተባለ።

እሱም ሹመቱን ወደደው። የክበቡን ግቢ ቁልፍ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይንጎራደዳል። የግቢውን በር «በቅርቡ እናስቀባዋለን» እንዳለ በሩ በዝገት ተበላ።

«ሰው በችሎታው ይሾማል፤ አንተ ባለመቻልህ ተሾመህ ደረትህን ነፋህ» ትለዋለች ሚስቱ።

«ምን ታደርጊዋለሽ፣ ዕድል ነው» ይላታል።

አንድ ዓመት ላይ፣ ጡረታ የወጣች ነርስ የክበቡ አባል ሆነች። ሁሉም «ሲስተር» ይሏታል። መርፌ ስትወጋ እጇ አይሰማም ይባልላት ነበር። በውድድሩ ቀን ግን አንዱ ቀስቷ እግሯ ሥር ወደቀ፣ ሌላው አጥር ዘለለ። ጭራ ወጣች። ጋሽ ሊቀመንበር ከእሷ አንድ ደረጃ በላይ ሆነና ሰው ሁሉ «እንኳን ደስ ያለህ» ሲለው ፊቱ አልታዘዝ አለው። ቁልፉን አስረከበ።

በሩ በሳምንቱ ተቀባ።

«ቀለሙ በጣም ቀላ» አለ ቤቱ ገብቶ።

«ቀለሙ ነው ወይስ ዓይንህ?» አለች ሚስቱ።

በሚቀጥለው ውድድር ሆን ብሎ ሊስት ቆርጦ ሄደ። ከኢላማው ዞር ብሎ ወደ አጥሩ አነጣጠረ። ነገር ግን ያ ሰው ያነጣጠረበትን መትቶ አያውቅምና ቀስቱ መሐል ኢላማ ተሰካ። ደንግጦ ይበልጥ ዞረ፤ ሁለተኛውም የመጀመሪያው አጠገብ ገባ። አንደኛ ወጣ። ሲስተር እንደገና ጭራ።

«እንዴት አድርገው ነው ያነጣጠሩት?» አለችው ሲስተር።

«ወደ አጥሩ» አላት። ሰው ሁሉ የቀለደ መስሎት ሳቀ።

ዋንጫውን ይዞ ሲገባ ሚስቱ ፊቱን አይታ ሳቋን ዋጠች።

«ምን ሆነሃል?»

«ሰው ሲመጣ በር መክፈቱ ነው የናፈቀኝ። እንዴት ከረምክ፣ ልጆች እንዴት ናቸው ማለቱ።»

«ታዲያ ይህን ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? ሂድና ለእሷ ንገራት።»

ሄደ፤ እየተንተባተበ ነገራት። ሲስተር ደጋኗን አስቀምጣ በጥሞና ሰማችው።

«ሊቀመንበርነቱን አልሰጥዎትም፣ ወድጄዋለሁ» አለችው። «በሩን ግን ይውሰዱልኝ። እኔ ጡረታ የወጣሁት በጠዋት መነሳት ሰልችቶኝ ነው።»

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ቀድሞ ደርሶ ይከፍታል፣ የሚመጣውን ሁሉ ይቀበላል። ኢላማ ላይ ሲያነጣጥር ግን አባላቱ በሙሉ ከኋላው ይሰለፋሉ፤ እሱም በዚህ መከፋት ከተወ ቆይቷል።