ቤት ሲገባ የጠፋው ጺም

ጸጉር አስተካካዩን የሰፈሩ ሰው «ላባው» ነበር የሚለው፤ እጁ ቀላል ስለሆነ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሁሉ እንቅልፍ ይወስደዋል። አንድ ቀን ጠዋት ጺሙ ደረቱ ላይ የደረሰ ጎልማሳ ገብቶ ዘፍ አለ።

«ጫፍ ጫፉን ብቻ አስተካክልልኝ» ብሎ ወዲያው አንቀላፋ።

ጎረቤት ያለው ብረታ ብረት ቤት እየጮኸ ስለነበር ላባው የሰማው «አስተካክልልኝ» የሚለውን ብቻ ነው። ሙልጭ አድርጎ ላጨው። ሰውየው ሲነቃ አገጩን ዳበሰ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። «ምን አደረግከኝ ወንድሜ?» ብሎ እየሮጠ ወጣ። ላባው ነገሩ ግራ ገብቶት ዋለ።

ከወራት በኋላ ሚስቱ ጎትታ ሲኒማ ወሰደችው። ፊልሙ በድሮ ዘመን ከሹም ሸሽቶ ጫካ ስለከረመ ሰው ነው። ጀግናው ያን ሁሉ ጺም አንዠርግጎ የእናቱን በር አንኳኳ። በሩ ተከፈተ። ቤት ውስጥ ሲታይ ፊቱ እንደ እንቁላል ልሙጥ ነው። እናትየው ያንን ልሙጥ ጉንጭ እየዳበሰች «ልጄ፣ ይሄን ሁሉ ጺም ምን አበቀለብህ?» ብላ ታለቅሳለች። ተሰናብቶ ሲወጣ ጺሙ ተመልሶ ደረቱ ላይ ነው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ላባው የሚስቱን ክንድ ጨምድዶ ያዘ።

«እኔ ነኝ» አላት።

«ምኑ ነህ አንተ ደግሞ?»

«ይሄን ተዋናይ የላጨሁት። የውጪውን ቀርጸው የቤቱን ሳይቀርጹ ነው እኔ ጋ የመጣው። ያ ጺም እኔ ቤት ነው የቀረው።»

ሚስቱ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ አላስችል ብሏት ከኋላ ለተቀመጡት ነገረች። ወሬው ከወንበር ወንበር ሲዘል፣ ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያጨበጭብ፣ ላባው የሚገባበት ጠፋው። ደስታው ግን ፊቱ ላይ ያበራ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሰው ለፊልሙ ሳይሆን ለበሩ ብሎ ይጎርፍ ጀመር። ጀግናው በሩ ጋ ሲደርስ ተመልካቹ ትንፋሹን ይውጣል።

አንድ ቀን ተዋናዩ ራሱ፣ ጺሙ እንደገና አድጎ፣ ጸጉር ቤቱ ከች አለ። ላባው ከተቀመጠበት ተነሳ።

«በጣም ይቅርታ ወንድሜ፣ አጠፋሁብህ።»

«ኧረ የምን ይቅርታ? አዳራሹን የሞላኸው አንተ ነህ። እናቴ ሆና የሠራችውማ ሳቋን ለማፈን ትከሻዬን ነክሳኛለች።»

ተቃቅፈው ሳቁ። ተዋናዩ ተቀመጠና ድምፁን ከፍ አድርጎ «ጸጉሬን ብቻ» አለ።

ላባው ጺሙን በፎጣ ጠቅልሎ ሸፈነለትና መቀሱን አነሳ።