ዳለቻ ባንዲራው ሥር የታሰረች ቀን

አሥር ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ወራት ይቀሩኝ ነበር። ያደግሁት አክስቴ ዘንድ ነው፤ ከኮተቤ በላይ፣ ተራራው ሥር። ስሟ ዘነበች ነው፣ እኔ ግን እቴቴ ነበር የምላት። ሦስት ላሞች ነበሯት፤ አንዷ ዳለቻ ናት። የደርግ ዘመን ልጆች ታስታውሳላችሁ፣ ወተት እንደ ዛሬው በየሱቁ ተደርድሮ አይጠብቅም። እቴቴ ማለዳ ያለበችውን በሁለት ጣሳ ይዛ፣ ቦሌ ድረስ በእግሯ ወርዳ ለደንበኞቿ ታደርስ ነበር። ስትመለስ ነጠላዋ ሁሉ ወተት ወተት ይሸታል። የምንበላውም፣ እኔ የምማረውም በዚያች ወተት ነው።

ላሞቹ ድሮ የሚውሉት ተራራው ላይ ነበር። የኛም የጎረቤቱም ከብት እየጋጠ እየጋጠ ተራራውን መላጣ አደረገው። አንድ ክረምት ከዚያ መላጣ ላይ የወረደ ጎርፍ በረታችንን ጥሶ ገባና የዳለቻን ጥጃ ወሰደው። በማግስቱ አጥር ሥር፣ ጭቃ ውስጥ አገኘነው። እቴቴ አላለቀሰችም። ቆዳውን አስገፈፈች፣ በጨው አሽታ አደረቀችው፣ ገለባ ጠቅጥቃ ሰፋችው። ጨው ነስንሳ ፊቷ ስታቆምላት ዳለቻ ትልሰዋለች፣ እየላሰችም ወተቷን ትለቃለች። ያለሱ አንዲት ጠብታ አትሰጥም ነበር።

ከጎርፉ በኋላ ቀበሌው ተራራውን ዘጋው። ሰፈርተኛው በዘመቻ ወጥቶ ችግኝ ተከለ፤ እኛ ተማሪዎችም በሰልፍ እየዘፈንን ተክለናል። እዚያ የተገኘ ከብት ይወረሳል ተባለ።

መጋቢት ላይ ጭዱ አለቀ። ለላሞቹ የምንገዛው ፋጉሎም ከተማው ውስጥ ጠፋ። ቅዳሜ ቀን ነበር፤ እቴቴ ወደ ቦሌ ስትወርድ፣ «ዳለቻን መንገድ ዳር አግጫት፣ ከዚያ እንዳታልፊ» ብላኝ ሄደች። መንገድ ዳር ያለው አቧራ ብቻ ነው። ዳለቻ ጎድኗ ተቆጥሮ፣ አፈር ስትልስ ሳያት አንጀቴ አልቻለም። ከላይ፣ በችግኞቹ መሀል፣ ሳሩ ጉልበት ደርሷል። ትንሽ ብቻ፣ አልኩ በልቤ። ገመዷን ለቀቅኩላት።

ፉጨት ስሰማ ዳለቻ ሳሩን ትታ የችግኝ ጫፍ እያኘከች ነበር።

«አንቺ! የማን ላም ናት?» አለ የቀበሌው ጥበቃ፣ ጠመንጃውን እንዳነገተ። ሮጬ ገመዷን ያዝኩ። ገመዷን ነጥቆኝ ቁልቁል ነዳት፤ እያለቀስኩ ከኋላ ተከተልኩ። ቀበሌው ግቢ ውስጥ ከባንዲራው እንጨት ጋር አሰራት።

እቴቴ ወሬውን መንገድ ላይ ሰምታ ከነባዶ ጣሳዋ መጣች። ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። ሊቀመንበሩ ስብሰባ ላይ ነው። የዳለቻ ግት ተወጥሮ ያብረቀርቃል፤ እየጮኸች እግሯን ታነሳለች።

«ሰኞ ኮሚቴው ያየዋል፣ እትዬ ዘነበች» አለ ጥበቃው።

«እስከ ሰኞ ካልታለበች ግቷ ይበላሻል፣ የኔ ልጅ። ከዚያ በኋላ ላም አይደለችም። እኔ ልለባት።»

«የተያዘ ንብረት ባለቤቱ አይነካውም። እኔው አልባታለሁ፣ ገጠር ነው ያደግሁት።»

«እስቲ እለባት» ብላ ጣሳውን ሰጠችው።

ጠመንጃውን ግድግዳ አስደግፎ ተንበረከከ። ጎተተ፣ ጎተተ፤ ምንም የለም። ዳለቻ ጣሳውን በእግሯ አሽቀነጠረችው። ግቢው ውስጥ ባለው የቀበሌ ሱቅ ለስኳር ከተሰለፉት አንዱ፣ «ጓድ፣ ላሟ ፀረ አብዮት ሳትሆን አትቀርም!» አለ። ሰልፉ ሳቀ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቁ በአንዴ ቆመ። ያን ጊዜ በዚያ ቃል አይቀለድም ነበር። ጥበቃው ተነስቶ ሰልፉን ገረመመ። እቴቴ ወደኔ ዞረች፤

«ሩጪ፣ ጥጃውን አምጪ።»

ቤት ሄጄ ጨው በጨርቅ ቋጠርኩ፤ የገለባውን ጥጃ እንደ ሕፃን አዝዬ ሮጥኩ። የሰፈር ልጆች «ሙት ጥጃ አዘለች! ሙት ጥጃ አዘለች!» እያሉ አጀቡኝ። እንባዬን የምጠርግበት እጅ አልነበረኝም። ስደርስ ጥበቃው ቆዳውን አየ፣ ዳለቻን አየና ፈቀቅ አለ። እቴቴ ጨው ነስንሳ አቆመችላት። ዳለቻ ጩኸቷን አቋርጣ መላስ ጀመረች። ወተቱ ጣሳው ውስጥ ሲንፎለፎል ተሰማ።

በዚያው ቅጽበት ሊቀመንበሩ ከስብሰባ ወጣ።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?»

«ጥጃዋ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር። ጎርፍ የወሰደብን።»

ወደ ተራራው ቀና ብሎ አየ። «ጎርፉ ከየት መጣ፣ እትዬ ዘነበች?»

የእቴቴ እጅ ግቱ ላይ ቆመ። «ከዚያው።»

«ማን አራቆተው?»

እንድትዋሽ ፈልጌ ነበር። ድርቁን ታመካኝ፣ ዝናቡን ታመካኝ፣ እኔን ታመካኝ። እሷ ግን «ላሞቻችን» አለች፤ «የኔም ጭምር።»

ሊቀመንበሩ ጎንበስ ብሎ የጥጃውን ቆዳ በእጁ ዳሰሰ። «ይውሰዷት» አለ በመጨረሻ። «የበላችውን ክረምት ሲገባ ይተክላሉ። ማጭድ ይዘው ገብተው ሳር ይውሰዱ፤ ከብት ግን አይግባ። ሁለተኛ ካገኘኋት አልመልስም።»

ቤት እስክንደርስ ዱላዬን እየጠበቅኩ ሄድኩ። እቴቴ አልመታችኝም። በረቱ በር ላይ ቆማ ሦስቱን ላሞች ስታያቸው ቆየችና፣ «በማጭድ ሦስት ላም አይጠግብም» አለች፣ ከራሱ ጋር እንደሚያወራ ሰው።

ዛሬ ገርጂ ነው የምኖረው፤ ወተቴን በላስቲክ ገዝቼ፣ ከየትኛው ላም እንደመጣ ሳላውቅ አፈላለሁ። አንዳንዴ በኮተቤ በኩል ሳልፍ ከታክሲው መስኮት ወደ ተራራው ቀና ብዬ ዛፎቹን በዓይኔ እፈልጋለሁ። ትልልቅ ናቸው።

እቴቴ ከዚያ ቅዳሜ በሳምንቱ ጥጆች የነበሯቸውን ሁለቱን ላሞች ከነጥጆቻቸው ሸጠች፤ ጥጃ ስለሌላት የሚገዛት ያጣችውን ዳለቻን አስቀረች። ክረምት ሲገባ ችግኞቹን ተከለች። ከዚያ በኋላ እንደ ድሮው ኩበት ጠፍጥፋ አልሸጠችም። በየቅዳሜው እበቱን በቅርጫት ተሸክማ ተራራው ላይ ትወጣና በችግኞቹ ሥር አፍስሳ፣ ለዳለቻ ሳር አጭዳ ትወርድ ነበር።