ኑግ የጠጣው ሰንሰለት

ደረቅ ሰንሰለት ሰምቼ ዝም ብዬ ማለፍ አይሆንልኝም። ሞተር ሳይክል በአጠገቤ ሲያልፍ ያ ሲጥ ሲጥ የሚል ድምፅ ከመጣ፣ ነጂውን ባላውቀውም እጄን አወዛውዤ አስቆመዋለሁ። «ይኸ ነገር ዘይት ጠምቶታል» እለዋለሁ። አንዳንዱ አመስግኖኝ ይሄዳል፤ አንዳንዱ ደግሞ ሽማግሌው ምን ነካው በሚል ዓይን ከላይ እስከ ታች አይቶኝ ጥሎኝ ይፈተለካል። ልጆቼ ያፍሩብኛል። ይፈሩ። ይህ አመል እንዲሁ የመጣብኝ አይደለም።

በደርግ ዘመን ቡሬ ላይ ጤና ረዳት ነበርሁ። ገጠሩን እየዞርሁ ሕፃናት የምከትብበት ሞተር ሳይክል መሥሪያ ቤቱ ሲሰጠኝ፣ ዘመኑ ሁሉም ጓድ የሚባባልበት ባይሆን ኖሮ ራሴን በራሴ ደጃዝማች ብዬ እሾም ነበር። ጧት ጧት የነዳጅ ጋኑን እወለውላለሁ፤ መስተዋቱን በትንፋሼ እያረጠብሁ አጸዳለሁ፤ ገበያተኛ ሲያየኝ ደግሞ ያለ ምክንያት ጥሩምባ እነፋለሁ። ሰንሰለቱን ግን አንድ ቀን እንኳ ጎንበስ ብዬ አላየሁትም። በመከራ የሚታደለው የሞተር ዘይት ከነጠርሙሱ አልጋዬ ሥር ተቀምጧል። ሰነፍ ነበርሁ፤ ሌላ ስም የለውም።

አንድ ዓመት በጥር ወር ኩፍኝ አካባቢው ገባ። ከቡሬ ወደ ግሽ ዓባይ በሚወስደው በኩል፣ ተራራ ሥር ባለች አንዲት መንደር፣ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እንዲጠብቁኝ ቀጠርኋቸው። በቀጠሮው ቀን መድኃኒቱን በበረዶ ሣጥን አድርጌ ከኋላዬ አሰርሁና ተነሣሁ። መንገዱን አጋምሼ ከሥሬ አንድ ነገር ጧ አለ። ሞተሩ ይጮኻል፤ ጎማው ግን አይዞርም። ወርጄ ሳይ ሰንሰለቱ ተበጥሶ አቧራው ላይ ተጋድሟል። እናቶቹ ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ ልጆቻቸውን አዝለው እንደ ጠበቁኝ በማግስቱ ሰማሁ።

የተበጠሰብኝ ከአንድ ሽማግሌ ገበሬ ቤት አጠገብ ነበር። ሽማግሌው የአዊ ሰው ናቸው፤ ከባለቤታቸው ጋር በአገውኛ ይጫወታሉ፣ እኔን በአማርኛ ያስተናግዱኛል። እንደ ዓይናቸው ብሌን የሚያዩት አንድ ዳማ ፈረስ ነበራቸው። በእሳቸው ቤት እንግዳ አንዴ ከወረደ የመጣበትን ከብት አይነካም። ኮርቻ ማውረዱ፣ ማጠቡ፣ ማብላቱ፣ ደረቅ ጠፍሩን በዘይት አሽቶ ማለስለሱ ሁሉ የቤቱ ጌታ ሥራ ነው። ሞተሬንም እኔን ከልክለው ራሳቸው እየገፉ ከፈረሳቸው አጠገብ አስገቡልኝ። ፈረሱ አንዴ አሸተተውና ፊቱን አዞረ።

ማግስቱ እሑድ ነበር። ሽማግሌው በጧት ተነሥተው ወደዚያች መንደር ሄዱና ከቀትር በኋላ ተመለሱ።

«ሴቶቹ ተቆጥተዋል» አሉኝ ገና ከፈረሱ ሳይወርዱ። «የመንግሥት ሰው ውሸታም ነው፣ ከእንግዲህ ልጅ አዝለን አንወጣም አሉ። እኔ ዋስ ሆንሁህ። የዛሬ አሥራ አምስት ቀን ቅዳሴ ሲወጣ እዚያው ደጅ ትገኛለህ።»

«ምናልባት ባይሳካልኝስ?» አልሁ በሞኝነት።

«ያማ ከሆነ ልጆቹ ሳይከተቡ ይቀራሉ። እኔም ሁለተኛ እዚያ ደጅ አልቆም» አሉና ወረዱ።

የተበጠሰውን የሰንሰለት ዘለበት ብቻ ለናሙና ኪሴ ከትቼ ሞተሩንም ሰንሰለቱንም ለእሳቸው አደራ ሰጠሁ። ስሰናበታቸው ትከሻዬን ሰበቅ አድርጌ «ደርቆ ነው እኮ የተበጠሰው፤ ዘይት ጠምቶት» አልኋቸው። ይህችን ነገር ባልናገር ኖሮ ይህን ታሪክ የምጽፍበት ምክንያት አይኖርም ነበር።

የዘለበቱ ምትክ ቡሬ አልተገኘም። ፍኖተ ሰላም ወርጄ አንድ መካኒክ ዘንድ ሄድሁ። ዘለበቱን በፒንሳ ይዞ ወደ ብርሃን አነሣና፣ ዘይት የት እንዳለኝ ጠየቀኝ።

«ቡሬ፣ አልጋዬ ሥር።»

«አልጋህ ነው የሚሽከረከረው?» አለኝ።

ሠራተኞቹ ሳቁ። እኔ ደሜ ፈላ፤ ዘለበቱን ግን ስለምፈልገው ዋጥ አደረግሁት። ሰውየው አፈ ኮምጣጣ ይሁን እንጅ መምህር ነበር። አንድ አሮጌ ሰንሰለት አውጥቶ በላምባና በብሩሽ አጠበልኝ፤ በጨርቅ አደረቀው፤ ከዚያ ዘይቱን ከውስጥ በኩል በየዘለበቱ መጋጠሚያ ጠብ፣ ጠብ እያደረገ አሳየኝ። «የተረፈውን ጥረገው፤ ዘይት ሲበዛ አቧራ ይሰበስባል» አለኝ። አዲሱን ዘለበት በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝና ሸኘኝ።

ከቀጠሮው አንድ ቀን ቀደም ብዬ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የበረዶ ሣጥኑን በትከሻዬ፣ የዘይት ጠርሙሴን በኪሴ ይዤ ሽማግሌው ቤት ደረስሁ። በረዶው ቢቆይ እስከ ነገ ቀትር ነው። ውኃ እንኳ ሳልጠጣ ሰንሰለቱን ጠየቅሁ።

ሽማግሌው ገቡና ከምድጃው በላይ፣ የፈረሱ ልጓም ከሚሰቀልበት የቀንድ መስቀያ አውርደው አመጡልኝ። ሰንሰለት እኮ ሲይዙት እንደ ገመድ ይንጠለጠላል። ይህ ግን እንደ ዱላ ቀጥ ብሎ ቆመ። ጠቁሯል፤ ላዩ ላይ የአውድማ እብቅ ተጣብቆበታል፤ ሽታው የኑግ ነው። ላጥፈው ብሞክር አልታጠፍም አለ።

«ምን አደረጉት?»

«ዘይት ጠምቶት ነው አላልኸኝም? በል ይጠጣ ብዬ ጧት ጧት ኑግ ቀባሁት። እየጠጠረ አስቸገረኝ። ሲጠጥር ደግሞ ጨመርሁለት።»

የኑግ ዘይት ለቆዳ መድኃኒት ነው፤ ጠፍር ይጠጣዋል። ብረት ግን አይጠጣም። ከምድጃው ሙቀትና ከጭሱ ጋር በየቀኑ አንድ ልባስ እየሆነ ደርቆ ሙጫ ሆኗል። ዛሬ ይህን ሳስብ በፍቅር እስቃለሁ። ያን ቀን ግን አልሳቅሁም።

«ይኸ ብረት ነው እንጅ ቆዳ አይደለም!» ብዬ ጮኽሁባቸው። «ማን ንኩት አለዎት? እርስዎ ያበላሹትን ማን ሊያቃናው ነው? ነገ እነዚያ ሴቶች ፊት የምቆመው እኔ ነኝ!»

ነገ እነዚያ ሴቶች ፊት የሚቆሙት እሳቸውም እንደ ሆኑ ረስቼዋለሁ። ሽማግሌው አልተቆጡም። ሰንሰለቱን ይዘው እንደ ቆሙ «እንግዲህ እኔ ልጠበው» አሉ በዝግታ። ከእጃቸው ነጠቅኋቸው። በዚያ ቤት የእንግዳን ዕቃ ከቤቱ ጌታ እጅ መንጠቅ ምን ማለት እንደ ሆነ አውቃለሁ፤ እያወቅሁ አደረግሁት።

ባለቤታቸው ከጓዳ ብቅ አሉ። ምን እንደሚያስፈልገኝ ሲጠይቁኝ ላምባ አልሁ። ላምባ ደግሞ በዚያን ጊዜ ከማኅበሩ ሱቅ በወረፋ የሚገኝ ነገር ነው። ሴትዮዋ ሳያንገራግሩ ጠርሙሱን አራግፈው፣ የኩራዙንም ክር መዝዘው በውስጡ ያለውን ሁሉ አንድ የሸክላ ስባሪ ላይ ገለበጡት። ሰንሰለቱን ዘፈዘፍሁት። ሲመሽ ቤቱ ውስጥ የሚበራ ነገር ስላልነበረ በጊዜ ተኛን።

ጧት ስነሣ ሽማግሌው የሉም፤ ፈረሱም የለም።

«ቀድሞህ ሄዷል» አሉኝ ባለቤታቸው። «ሴቶቹ እኔን እያዩ ይጠብቁታል ብሎ ነው። አንተ ሥራህን ሥራ።»

እኔ ፈረስ አልችልም፤ እሳቸው መርፌ መውጋት አይችሉም። ስለዚህ ያላቸው አንድ ነገር ራሳቸው ነበሩ፤ እሱን መያዣ አድርገው ሊሰጡ ሄዱ። ይህ ሲገባኝ እጅጌዬን ሰብስቤ ሰንሰለቱን ከላምባው አወጣሁ።

ላምባው ሙጫውን አለስልሶታል፤ ግን ከየመጋጠሚያው በራሱ አይወጣም። ሴትዮዋ የስፌታቸውን ወስፌ አመጡ። እሳቸው በወስፌ ከየዘለበቱ ጥቁሩን ይጎረጉራሉ፤ እኔ በጨርቅና በላምባ እከተላለሁ። ከመቶ በላይ ዘለበት ነው። መጀመሪያ አንዱ ታጠፈ፤ ቀጥሎ ሁለቱ፤ ቀስ በቀስ ዱላው ገመድ ሆነ። ሞተሩ ላይ አጠንጥኜ አዲሱን ዘለበት አስገባሁ፤ ጎማውን በእጄ እያዞርሁ ዘይቱን እንደ ተማርሁት ጠብ፣ ጠብ አደረግሁ፤ የተረፈውን ጠረግሁ። ስነሣ ቅዳሴ የሚወጣበት ሰዓት አልፏል። መንገዱን ሁሉ ሰንሰለቱ አንድ ጊዜ እንኳ አልጮኸም። እንዲያ ያለ ዝምታ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም።

መንደሩ ስደርስ እናቶቹ አሉ። የቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ጥላ ሥር ልጆቻቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል፤ በመካከላቸው ሽማግሌው። የአንዷን ልጅ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በጭራቸው ዝንብ ይከላከላሉ። እኔን ሲያዩ ልጁን ለእናቱ አቀብለው ተነሡና የበረዶ ሣጥኑን ተቀበሉኝ። በረዶው ገና አልሟሟም ነበር። ሁሉንም ከተብሁ። አንዲት እናት ብቻ «ምነው ዋስህን በፀሐይ አስጠበስኸው?» ብላ ሸነቆጠችኝ።

ሥራውን ጨርሼ ዕቃዬን ስሰበስብ ነው ፈረሱን ልብ ብዬ ያየሁት። የኮርቻው ማሰሪያ ጠፍር ተበጥሶ በቃጫ ገመድ ተቋጥሯል። ልጓሙም ተሰነጣጥቋል። የፈረሳቸው ዕቃ እንደ ሐር የሚለሰልስ ሰው ነበሩ።

«ምን ሆኖ ነው?» አልኋቸው።

«ደርቆ መንገድ ላይ ተበጠሰብኝ። ግማሹን በእግሬ መጣሁ።»

«ዘይት አልነበረዎትም?»

«ለዓመት ያልሁት አንድ ጠርሙስ ነበር» አሉ፤ ሣጥኑን ሞተሩ ላይ እያሰሩ። «ለአንተው ሰንሰለት አለቀ።»

ወቀሳ አልነበረበትም፤ ስለ ዝናብ የሚያወሩ ይመስሉ ነበር። እኔ ግን አፈርሁ። ገመዱን ጠበቅ አድርጌ ልቋጥርላቸው ጎንበስ ስል «ተው ተው፣ እንግዳ ነህ» ብለው እጄን መለስ አደረጉት።

በወሩ ወደ መንደሪቱ ስመለስ ቡሬ ካለው የዘይት መጭመቂያ አንድ ጠርሙስ ኑግ ገዝቼ፣ ለባለቤታቸውም ላምባ ይዤ ሄድሁ። ሽማግሌው ጠርሙሱን ተቀብለው አሸተቱት፤ ከዚያ ጎንበስ ብለው የሞተሩን ሰንሰለት አዩ።

«ደግሞ ጠማው?» አሉኝ።

«የለም አባቴ። የፈረሱን ድርሻ ልመልስ ነው። ያን ቀን ስለ ጮኽሁብዎትም ይቅር ይበሉኝ።»

ገብተው ልጓሙንና አዲሱን ጠፍር ይዘው ወጡ፤ ደጃፉ ላይ ካለው ድንጋይ ተቀመጡና ከአሮጌ ነጠላ የተረፈ ጨርቅ አወጡ። ለሁለት ቀደዱት። አንዱን ዘይት ነክረው ጠፍሩን ማሸት ጀመሩ፤ ሌላውን ልጓሙ ላይ አድርገው ወደ እኔ ገፉልኝ።

«ከውስጥ በኩል ጀምር» አሉኝ።