ጋሽ ይበልጣልና የደረቀው ፍሬን

ሹም አቦ በሚባለው ሰፈራችን ከሠላሳ ዓመት በላይ መኪና ሲጠግኑ የኖሩት ጋሽ ይበልጣል ባለፈው ማክሰኞ ጧት ዐርፈዋል። ጥቂት ቀናት ታመው፣ ልጆቻቸውን ባጠገባቸው አድርገው ነው ያለፉት። ቀብራቸው ላይ ካህኑም፣ ሾፌሩም፣ የፋብሪካ ሠራተኛውም፣ የኮሌጅ መምህሩም ነበር። የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ ግን አንድ ነገር እንደ ጎደለ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ። እሱን ለመሙላት ነው ይህን ለምታውቋቸው ሁሉ የምጽፈው።

እኔ ታደለ እባላለሁ፤ የአንድ የጉዞ ማኅበር ሾፌር ነኝ። ምእመናንን በሚኒባስ ወደ ጣና ዳር አብያተ ክርስቲያናት አመላልሳለሁ።

ጋሽ ይበልጣል የድጓ መምህር ልጅ ነበሩ። በልጅነታቸው ዜማ ጀምረው ትተውታል፤ ጆሯቸው ግን አልተወውም። መኪና ሲመጣላቸው ኮፈን ለመክፈት አይቸኩሉም። መጀመሪያ ሾፌሩን ይጠይቃሉ፣ ቀጥሎ መኪናውን ይጠይቃሉ። «መኪና አይዋሽም፤ የሚዋሸው ይዞት የሚመጣው ነው» ይሉ ነበር እየሳቁ።

አንድ ጊዜ እኔም እዚያው ሳለሁ ከጢስ ዓባይ አንዲት መምህርት የፍሬኑ ፔዳል አልረገጥ ብሏቸው መጡ። ሌላ ቦታ «የፍሬን ሸራ ይቀየር» ተብለው፣ ሸራውን ገዝተው በፌስታል ይዘዋል። ጋሽ ይበልጣል ፌስታሉን ተቀብለው ወንበር ላይ አስቀመጡና «እስቲ ሞተሩን ያስነሡልኝ፤ ዝም ብለን እናዳምጥ» አሏቸው። አዳመጥን። እኔ የሰማሁት የሞተር ድምፅ ብቻ ነው፤ እሳቸው ግን ከሥሩ የሚያፏጭ ነገር ሰምተው አንድ የላላ የቱቦ ማሰሪያ አጠበቁ። ፔዳሉ ወዲያው ለዘበ። «ሸራውን ይመልሱት፤ ያለዎት ገና አላለቀም» ብለው ሸኟቸው።

ያን ዕለት ነው ነገሩን ያስረዱኝ። በሞተሩና በፍሬኑ መካከል አንድ የጎማ ቱቦ አለ። ሞተሩ በዚያ ቱቦ አየር ሲስብ፣ መካኒኮች ሰርቮ የሚሉት ክብ ዕቃ የእግራችንን ጉልበት ያግዛል። አየሩ ካልተሳበ ፍሬኑ አለ፤ እግር ግን ያለ አጋዥ ብቻውን ይቀራል።

ምነው በደንብ ሰምቼ በነበር! ከዘጠኝ ዓመት በፊት ጣና ዳር ቆሜ መንገደኞቼ ከገዳም በጀልባ እስኪመለሱ ስጠብቅ፣ የእኔው ሚኒባስ ቱቦ ተሰንጥቆ ሲያፏጭ ሰማሁ። ኪሴ ውስጥ የጧፍ ቁራጭ ነበረኝ። ሰሙን በመዳፌ አሙቄ ስንጥቁን ደፈንሁት፤ በጨርቅም ጠቀለልሁት። ፉጨቱ ጠፋ። በብልሃቴ ኮራሁ። የቤተ ክርስቲያን ሰም መኪና ይጠብቃል እንጂ ይጎዳል ብሎ ማን ያስባል?

መንገደኞቼን ጭኜ ስመለስ ሐሙሲት ከተማ ስንደርስ ገበያተኛው መንገዱን ሞልቶታል። ፍሬን ስይዝ ግድግዳ የረገጥሁ መሰለኝ። በሁለት እግሬ ቆምሁበት። ሚኒባሱ ከአንድ ጋሪ ኋላ ክንድ በማይሞላ ርቀት ቆመ። ከኋላዬ አሥራ አንድ እናቶች «በስመ አብ!» አሉ። እነሱን በሌላ መኪና ሸኝቼ፣ ባዶውን በዝቅተኛ ማርሽ እያዘገምሁ ሹም አቦ ገባሁ።

«ምን ነካካህ?» አሉኝ ጋሽ ይበልጣል።

«ምንም አልነካሁም፣ ጋሼ።»

ትንሽ አዩኝና «እሺ፤ እንግዲያው እሱን እንጠይቀው» አሉ።

ሞተሩን አስጠፍተው ፔዳሉን አምስት ጊዜ አስረገጡኝ። «አሁን እግርህን ሳታነሣ አስነሣው። ከእግርህ ሥር ትንሽ ዝቅ ካለ ሰርቮው እያገዘ ነው።»

አስነሣሁት። ፔዳሉ ንቅንቅ አላለም።

«ዝቅ አለ?»

«አላለም።»

«ይኸን እንኳ እውነት ተናገርህ» አሉ ፈገግ ብለው።

ቱቦውን ከሰርቮው ነቅለው አውራ ጣታቸውን አፉ ላይ ደገኑ፤ አይስብም። ወደ ሞተሩ ተጠግተው ነቅለው ሞከሩ፤ ጣታቸውን እስኪያማቸው ይስባል። «ሌባው መሀል ላይ ነዋ!» አሉ፤ ደስ አላቸው። ከመሀሉ አየር ወደ አንድ ወገን ብቻ የምታሳልፍ ትንሽ የፕላስቲክ በር አወጡ። ነፉባት፤ ሳቡባት፤ አታሳልፍም። አሸተቷት። እንደገና አሸተቷት።

«ታደለ፣ ይች ነገር ቅዳሴ ቅዳሴ ትሸታለች።»

በሽቦ ጫፍ ቢጫ ሰም ጎትተው መዳፋቸው ላይ አደረጉ። የሞተሩ ሙቀት አቅልጦት፣ አየሩ ወደ ውስጥ ወስዶት፣ በሯ ላይ ረግቶ ነበር። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

በዚያው ሰዓት የማኅበራችን ሰብሳቢ ደረሱ። እናቶቹ ነግረዋቸው ኖሮ ተቆጥተዋል። «አሥራ አንድ ነፍስ ሊጠፋ ነበር! የማን ጥፋት ነው? ዛሬውኑ ይለይ!» አሉ። ሥራዬን ባጣ ሦስት ልጆቼን የማበላው አልነበረኝም። ጋሽ ይበልጣል ሰሙን እንደያዙ መዳፋቸውን ጨበጡ።

«ቱቦውን ባለፈው ወር አይቸው ነበር። ማርጀቱን እያወቅሁ፣ ትንሽ ይቆያል ብየ አለፍሁት። ጥፋት አለብኝ» አሉ።

ሰብሳቢው ማኅበሩ ከእንግዲህ እዚያ መኪና እንደማያሠራ ተናግረው ሄዱ። ቃላቸውንም ጠበቁ።

«ጋሼ፣ ምነው?» አልኋቸው።

«እኔ የራሴን ተናገርሁ፤ ውሸት አልጨመርሁበትም። ያንተን ደግሞ አንተ ትናገረዋለህ።»

«መቼ?»

«እሱን እኔ አላውቅልህም» ብለው አዲስ ቱቦ ሊገጥሙ ጎንበስ አሉ።

ከዚያ ወዲህ በየበዓሉ ቤታቸው ሄጃለሁ። አንድ ቀንም ነገሩን አላነሡብኝም። እኔ ግን ሰዎች «ቸልተኛ መካኒክ» እያሉ ሲያሟቸው አብሬ ተቀምጬ ሻይዬን ጠጥቻለሁ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

ጋሼ፣ እነሆ ዘግይቼ ተናገርሁ። ሰሙን ያደረግሁት እኔ ነኝ። ይህን ጽሑፍ ዛሬ ጧት ለሰብሳቢው በእጄ ሰጥቻለሁ፤ የሚኒባሱን ቁልፍም አብሬ። ምን እንደሚወስኑ አላውቅም። እርስዎ እየሰሙ አለመናገሬን ይቅር ይበሉኝ። አምላክ ነፍስዎን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን። ከእንግዲህ ግን በዚያ ፍሬን ምክንያት ስምዎን በክፉ የሚያነሣ ሰው ቢኖር፣ የእርስዎን ትቶ የእኔን ስም ይጥራ። ደኅና ይሂዱ፣ ጋሼ።