ቆዳ የለበሰ ቁልፍ

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ልጄ ከሚሴ ገበያ ዳር ካቆማት መኪና አጠገብ ቆሞ የሪሞት ቁልፉን እየደጋገመ ይጫናል። በሩ ይከፈትና ወዲያው ይቆለፋል። ባትሪ ቀየረ፤ ራቅ ብሎ ሞከረ፤ ቁልፉን አራገፈው። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ትዕግሥቴ ሲያልቅ የሠርጌ ዕለት ማለዳ ድቅን አለብኝ።

ያን ጊዜ ጢሜ ያልሸበተ ዲያቆን ነበርሁ። ጥር እያለቀ ነው፤ በጨፋ ሮቢት የማሽላው አገዳ በየማሳው ተከምሯል፤ መንገዱ አቧራ ብቻ ነው። ከሚሴ ላይ በተክሊል ልንጋባና ልንቆርብ፣ ሙሽራዪቱ ከቤተሰቧ ጋር ቀድማ ሄዳለች። ቅዳሴ ሙሽራን አይጠብቅም። ያ ቀን ካመለጠን ጾም ስለሚገባ ሠርጉ ከፋሲካ ወዲያ ሊሆን ነው።

ሊያደርሱን የመጡት የአባቴ ወዳጅ፣ የእህል ነጋዴው ጋሼ ሰይድ ነበሩ። የሠርጉን ካባዎች ከኋላ ወንበር አኑረን በሩ ሲገፋ ተቆለፈ።

የሪሞት ቁልፉ እንደ ክታብ በቆዳ የተለበጠ ነው። አቧራ እንዳይገባው ብለው ያሰፉት እርሳቸው ሲሆኑ፣ እናታቸው ደግሞ ከመቁጠሪያቸው አንዲት ፍሬ አውጥተው መኪናዋን እንድትጠብቅ ከስፌቱ ውስጥ አስገብተዋት ነበር። ቆዳው በፀሐይ ደርቆ ሲኮማተር ፍሬዋ ከመቆለፊያው መጫኛ ላይ ተጣበቀች።

ቁልፉን ቢስሚላህ ብለው በበሩ ቀዳዳ ሲያዞሩት ይከፈታል፤ ጣታቸው ጠበቅ ሲያደርገው ቀጭ ብሎ ይቆለፋል። አንዱ ሚዜ ከሩቅ ይጫኑት ይላል፤ ሌላው ጥፋቱን በስልክ አንቴና ላይ ይጥላል፤ አባቴ መኪናዋን ብርድ መቷት ይሆናል ይላሉ። ልቆርብ ስለሆነ እህል አልቀመስሁም፤ ከጓዳ የጨጨብሳው ቅቤ ያውደኛል። ዳዊቴን እጀምራለሁ፤ ያ ቀጭታ ያቋርጠኛል፤ እንደገና እጀምራለሁ።

«ጋሼ ሰይድ፣ ቆዳውን ብንቀደውስ?» አልሁ።

ቆዳውን በአውራ ጣታቸው ዳሰስ አደረጉት። «የእናቴ እጅ ያረፈበት ነው» አሉኝ።

እናታቸው በክረምቱ ዐርፈው ነበር። ዳዊቴን ዘጋሁ። ሚዜዎቹም ምክራቸውን ተዉ።

ጋሼ ሰይድ ፀሐይዋን ቀና ብለው አዩ፤ እኔን አዩ፤ ከደጃፉ ወደ ቆሙት እናቴም ዞሩ።

«ምላጭ ስጡኝ» አሉ። «ያ ረቢ! እናቴ ብትኖር ቀድማኝ ትቀደው ነበር። ይህን ልጅ ስንቴ አዝላዋለች።»

ስፌቱን ክር በክር በጠሱት። ፍሬዋ መዳፋቸው ላይ ስትወድቅ ስመው ከደረት ኪሳቸው ከተቷት። ከዚያም ተጫኑ፤ በሩ ተከፍቶ ቀረ። እስከ ከሚሴ ድረስ ያወጡት ቃል አንድ ነው፦ «አንተ ካባ ልትለብስ ቁልፌን ራቁቱን አስቀረኸው።» ስንደርስ ካህናቱ ልብሰ ተክህኖ እየለበሱ ነበር።

ይህን አስቤ ልጄን፣ «ሽፋኑን አውልቀው» አልሁት። የላስቲክ ሽፋኑን አወለቀ፤ ተጫነ። በሩ ተከፍቶ ተቆለፈ።

ባለቤቴ ነጠላዋን አናቷ ላይ ደርባ ከግንቡ ጥላ ሥር ተነሣች። «ያን ቀን የጠበቅኋችሁ ይበቃል፤ እኔ በባጃጅ መሄዴ ነው» አለች።

እኔ ግን ንዴቴ በረድ ብሎ ቆምሁ። ካህን ከሆንሁ ወዲህ ስለ መሥዋዕት ብዙ አስተምሬአለሁ፤ በዚያ ማለዳ ከጋሼ ሰይድ ያየሁትን ያህል አጥርቼ የተናገርሁ ግን አይመስለኝም።